የሙሴ አንቴልም ኮርማ

ከንቲባው ላምቦሮ ሁልጊዜ የሚገባው በፊት ለፊት በር ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን በጓሮ በኩል፣ በዶሮዎቹ መሃል እየተሹለከለከ መጥቶ ወጥ ቤቱ በር ላይ ሲቆም፣ ፊሊበርት ገና አተር እየፈለፈለች ነበር።

«ባልሽ የት አለ?»

«ኮርማው ጋ ነዋ። ጠዋት ጠዋት ሌላ የት ይሄዳል?»

«ደግ። እሱ መስማት የሌለበት ነገር ነው።» ላምቦሮ ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። ስልሳን ያለፈ፣ ከብት በማርባት የከበረ፣ አንገቱ ከትከሻው ጋር የተጋጠመ ሰው ነው። «ሊወስዱት ነው፣ ፊሊበርት። ዛሬ።»

«ማንን? አንቴልምን?» አተሩ ከጭኗ ላይ ወለሉ ላይ ተበተነ።

«ኮርማውን እንጂ! አንቴልምን ምን ያደርጉታል? ቢያቀልጡት ስብ እንጂ ነሐስ አይወጣው።»

ነገሩ ከሰማይ ዱብ ያለ አልነበረም። አገሪቱ በጀርመኖች ከተሸነፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ መንግሥት ነኝ የሚለው ሁሉ ብረታ ብረት ፍለጋ ላይ ነው። መጀመሪያ የወጥ ቤት ድስት ለመኑ፤ ቀጥለው ወደ ሐውልቶቹ ዞሩ። ቅዱሳንና በጦርነት የሞቱት ይቆዩ፣ ሌላው ይቅለጥ ተባለ። ከጎረቤት ከተማ አደባባይ አንድ ጢማም ዳኛ ሄደ። ከወንዙ ማዶ ደግሞ እንስራ ታቅፋ ራቁቷን የቆመችው ልጅ ሄደች፤ ወጣቶቹ ሁሉ ተሰልፈው ነው የሸኟት። የዚህ መንደር የሴንት ኦብራን ሰዎች ግን የኛን ማን ያስታውሰዋል ብለው ተኝተው ነበር። የእነሱ ሐውልት ጀግናም ዳኛም አይደለም። በከብት ገበያው መሃል፣ ከጥቁር ድንጋይ በተሠራ መደብ ላይ የቆመ፣ ሻሮሌ ከሚባለው የነጭ ከብት ዘር የሆነ የነሐስ ኮርማ ነው። ልክ እንደ ሕያው ኮርማ የገዘፈ ነው፤ አንድ ሰው ስሙን የጠራው ይመስል ራሱን ትንሽ ወደ ግራ መለስ አድርጓል።

የሠራው አንቴልም ጉትኗር ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ ከብትና አውሬ እንጂ የሰው ፊት ቀርጾ የማያውቅ ቀራፂ። ኮርማውን ሊሠራ መጥቶ በዚያው ቀረና ያረፈበት ማደሪያ ቤት ባለቤት የሆነችውን ፊሊበርትን አገባ።

መንደሩ ኮርማውን ወዶት አያውቅም፤ ቢያንስ ምላሱ እንደዚያ ይል ነበር። «ሆዱ በዛ» ይላሉ። «እግሩ አጠረ» ይላሉ። በላምቦሮና በቦንታን መካከል ያስነሳው ጠብ ደግሞ ለብቻው ነው። ሁለቱ የአካባቢው አንደኛና ሁለተኛ ከብት አርቢዎች ናቸው፤ አንደኛው የትኛው እንደሆነ ግን መልሱ እንደሚጠየቀው ሰው ነው። አንቴልም የሁለቱንም ኮርማዎች በአጥር ላይ ተደግፎ ሲያይ ከርሞ፣ ሲያበቃ የማንኛቸውንም ያልሆነ ኮርማ ሠራ። ላምቦሮ «የኔው ነው፤ ፊቱ ላይ ግን የቦንታንን ጨመረበት» አለ። ቦንታን «የኔው ነው፤ ቂጡ ግን የላምቦሮ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ አንዱ ወደ ፊሊበርት ቤት ሲገባ ሌላው ብርጭቆውን ጨልጦ ይወጣል።

«ቦንታን ሰምቷል?» አለች ፊሊበርት።

«በሬዎቹን እየጠመደ ነው።»

«ቦንታን? ካንተ ጋር?»

«የኔዎቹ አራት ብቻቸውን አይጎትቱትም። የሱም አራት ብቻቸውን አይጎትቱትም። ምን ላድርግ? ሄጄ በሩን አንኳኳሁ።»

«ምን አለህ?»

«‹በመጨረሻ የኔ መሆኑን አመንክ› አለኝ።» ላምቦሮ ምራቁን ዋጠ። «ዝም አልኩት። ለአገር ሲባል ዝም አልኩት!»

ከዚያ ያሰቡትን ነገራት። ሐውልቱን የሚረከበው ሰው ከባቡር ጣቢያው በብስክሌት እኩለ ቀን ሳይሞላ ይደርሳል፤ መኪናውና ሠራተኞቹ ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የሚመጡት። በዚያ መሃል ኮርማው መውረድ አለበት። አንጥረኛው ብሎኖቹን ዘይት እያጠጣቸው ነው።

«ሰውየውን አንቺ ነሽ የምትይዥልን። ጠረጴዛ ላይ አስረሽ አቆይልን።»

«በምን? በአተር?»

«የደበቅሽውን አውጪዋ። ምን እንደደበቅሽ ከንቲባው አያውቅም፤ ላምቦሮ ግን ያውቃል።»

«አንቴልምስ?»

«አብሮት ይብላ። ግን አንዲት ቃል እንዳትነግሪው! የምግብ ተቆጣጣሪው መጥቶ ‹አሳማ አላችሁ ወይ?› ሲለው ምን እንዳለ ረሳሽው?»

አልረሳችውም። «የትኛውን? የሚታየውን ነው ወይስ ከእንጨቱ ክምር ጀርባ ያለውን?» ነበር ያለው።

«ያንን ኮርማ ሲያጣው ግን…» አለች ፊሊበርት።

«ሲያጣው ሰውየው ማየት አለበት።» ላምቦሮ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። «የኔን ፊት የሚያምን የለም፤ ከብት ነጋዴ ነኝ። የቦንታንንማ ተይው። የአንቴልምን ፊት አይቶ የማያምን ግን አልተፈጠረም።»

ነገሩ ፊሊበርትን ደስ አላላትም። ግን ገባት። ተንበርክካ አተሩን መልቀም ጀመረች፤ ከንቲባውም አብሯት ተንበርክኮ ጥቂት ለቀመና በመጣበት በር ወጣ።

አንቴልም ሲመለስ ኪሱ እንደወትሮው ለላሞች በሚይዘው ደረቅ ዳቦ ተነፍቷል። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ግዙፍ ነው፤ ነጭ ጢሙ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ጭቃ አይጠፋም። ከሰው ጋር ሲሆን ቃላቱ አጫጭር ናቸው፤ ከብት ሲያገኝ ግን ረጅም ወግ ይይዛል። ፊሊበርት መጀመሪያ የወደደችው አንድ ቀን በረት ውስጥ ለታመመች ጊደር ስለ አየሩ ሁኔታ ዘርዝሮ ሲያጫውታት ሰምታው ነው።

«ሸሚዝህን ቀይር። እንግዳ አለን» አለችው።

«ማነው?»

«ከከተማ ነው። ኮርማውን ሊያይ የመጣ ሰው።»

አንቴልም እጁን መታጠቢያው ላይ አንጠልጥሎ ቆመ። «ሊያየው ነው ወይስ ሊወስደው?»

«ሊያየው ነው» አለች ፊሊበርት፣ ጀርባዋን ሰጥታ። እሷ ስትዋሽ ጆሮዋ አይቀላም።

ሙሴ ቮክላን የተባለው ሰው በላብ ተጠምቆ ደረሰ። የኮሌታው ስፋት አንገቱ ከቀድሞው የከሳ መሆኑን ይናገራል። ቦርሳውን በደረቱ አቅፎ «እንደምን ዋሉ፣ ማዳም። መጀመሪያ ሐውልቱን ልይ፤ ሥራ ይቅደም» አለ።

ፊሊበርት የድስቱን ክዳን ከፈተች። በቀይ ወይን ጠጅ ውስጥ ከሌሊት ጀምሮ ሲንተከተክ ያደረ የበሬ ሥጋ ነበር፤ ለቅዳሜ ሰርግ ተብሎ የተቀመጠ። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ሰውየው ክረምቱን በሙሉ በከተማ ለከብት የሚዘራ ሥር እየቀቀለ ሲበላ የከረመ ነው። ጉሮሮው ወጣ ገባ ሲል አየችው።

«ሐውልቱ እግር የለው፣ የት ይሄዳል ሙሴ ቮክላን» አለችው። «ሾርባ ግን ይቀዘቅዛል።»

ተቀመጠ። በሬ ካራጁ ይውላል እንዲሉ፣ አንቴልምም ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ፊት ለፊቱ ተቀመጠና ዳቦ ቆርሶ ሰጠው። ፊሊበርት በገበያው በኩል ያለውን የመስኮት መዝጊያ «ለዝንቡ» ብላ ዘጋች። ቤቱ ቀዝቀዝና ጨለምለም አለ።

ሾርባው አለቀ፤ የበሬ ሥጋውም ተከተለው። የተደበቀው የአሳማ ጭን በክሬም ተሠርቶ ቀረበ። ሰውየው መጀመሪያ በትንሹ ቆረሰ፤ ከዚያ ቢላውን ረስቶ ዳቦውን መረቁ ውስጥ ነከረ። «ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ» አለ ሳይጠየቅ። «ይህን ቢያዩ…» ቀና ብሎ አላየም። ፊሊበርት ሳታስበው ሁለተኛ ቁራጭ ጨመረችለት። ሰውየውን ለመጥላት ቆርጣ ተነስታ ነበር፤ እንዲህ እየበላ ግን አስቸገራት።

በዚህ መሃል ከውጭ በሬ አገሳ፤ ጎማ ሲጢጢ አለ። የቦንታን ድምፅ በመዝጊያው ስንጥቅ «ወደ ግራ አልኩህ፣ አንተ ዱባ!» ሲል ገባ።

«ዛሬ ገበያ አለ እንዴ?» አለ ሙሴ ቮክላን።

«ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው» አለች ፊሊበርት።

አንቴልም ግን ጆሮውን አቅንቶ ነበር። «የቦንታን በሬዎች ናቸው። የላምቦሮም አሉ። አብረው ምን ያደርጋሉ?»

«ግንድ እየጎተቱ ነው። ብላ።»

«ላምቦሮና ቦንታን?»

«ሰው ይታረቃል፣ አንቴልም! አንተ ደግሞ… ለሙሴ ቮክላን እዚህ እንዴት እንደመጣህ አጫውታቸው እንጂ። እንግዳ እኮ ናቸው።»

ይህን ያለችው አውቃ ነው። አንቴልም ስለ ራሱ ብዙ አይናገርም፤ ስለ እንስሳት ከጀመረ ግን አይቆምም፤ ስለ ራሱ ሳይጠቅስ ደግሞ ስለ እንስሳት ማውራት አይችልም። ወይኑን ቀዳችለት።

«አባቴ ቢላ እየሳለ በየመንደሩ የሚዞር ሰው ነበር» ብሎ ጀመረ። «ጋሪያችንን የሚጎትተው ውሻ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ ያ ውሻ ነው፤ በሊጥ ሠራሁት። እናቴ ጋገረችው፤ ወንድሜ በላው።»

ሙሴ ቮክላን ሳቀ።

«ፓሪስ ስገባ ጢም አልነበረኝም። የአራዊት ማቆያው ግቢ ውስጥ ከፍርግርጉ ፊት ለፊት ተቀምጬ ጭቃ ስደፈጥጥ እውላለሁ። አንበሳ፣ ጅብ፣ አንዲት ምስኪን ድብ። አንድ ቀን ጥቁሯ ነብር ፊት ለፊት ብዙ ዝም ብዬ ብቀመጥ፣ ጠባቂው የሞትኩ መስሎት በመጥረጊያ ወጋኝ። ግን አንበሳዬን የሚገዛ የለም። ሰው የሚፈልገው ምድጃው ላይ፣ ከሰዓቱ አጠገብ የሚያስቀምጠው ትንሽ ውሻ ነው። ውሻ ሠራሁ። አጋዘን ሠራሁ። ለአንዲት ባልቴት የሞተ በቀቀኗን ሠራሁላት፤ ‹ምላሱ የት አለ? ተናጋሪ እኮ ነበር!› ብላ መለሰችልኝ።»

ከውጭ አንድ ከባድ ነገር ድም! አለ። ብርጭቆዎቹ ተንቀጠቀጡ።

አንቴልም ወንበሩን ገፍቶ ግማሽ ተነሳ። ፊሊበርት እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች፤ ተጫነችው ማለት ይሻላል። «ግንዱ ነው። ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያለፈው ጦርነት መጣ» አለ፤ ድምፁ ዝቅ አለ። «መድፍ ለሚጎትቱት ፈረሶች ጠባቂ አደረጉኝ።» ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አዙሮ፣ መልሶ አዞረው። «ከዚያ ወዲህ ፈረስ ሠርቼ አላውቅም።»

«እኔም እዚያ ነበርኩ» አለ ሙሴ ቮክላን። ሁለቱ ብርጭቆ አጋጭተው ጠጡ። ፊሊበርት ሰሃኖቹን ድምፅ ሳታሰማ አነሳች።

አንቴልም ነው እንደገና የተናገረው። «ሙሴ ቮክላን፣ የመጡት ሊወስዱት እንደሆነ አውቄያለሁ። ሚስቴ ሊያዩት ነው አለችኝ፤ እንዳላዝን ብላ ነው።»

ሰውየው ሹካውን አስቀመጠ። «ሥራዬ ነው…»

«አውቃለሁ፤ አይጨነቁ። ነሐስ ከእሳት መጣ፣ ወደ እሳት ቢሄድ አዲስ ነገር አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ሲያወርዱት ገመዱን አንገቱ ላይ አያስሩት። አንገቱ ስስ ነው፤ ሲያፈሱት ያኔ ነሐሱ አጥሮባቸው ነበር። በሆዱ በኩል ይዘው ያውርዱት። ወደ እሳትም ቢሆን ሙሉውን ይሂድ።»

ፊሊበርት «አይቡ!» አለችና ወጣች። በወጥ ቤቱ አልፋ፣ በጓሮው ዞራ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ሮጠች። በሃምሳ ስምንት ዓመቷ እንዲያ ስትሮጥ ያያት ዶሮ ሁሉ ተበተነ።

ኮርማው ዝቅ ባለው የድንጋይ መጫኛ ጋሪ ላይ በጎኑ ተኝቷል፤ አራት እግሩ ወደ ጎን ተዘርግቶ ሰክሮ የወደቀ ይመስላል። ስምንት ነጫጭ በሬዎች ተጠምደዋል። ላምቦሮና ቦንታን በሁለቱም በኩል ቆመው ድርቆሽ ያለብሱታል፤ ሁለቱም ፊታቸው ቲማቲም መስሏል።

«በአንገቱ እንዳታስሩት!» አለች እየቃተተች።

«አስረነዋል እኮ!» አለ ቦንታን።

«ፍቱት! አንገቱ ስስ ነው፣ ይሰበራል!»

«አላልኩህም?» አለ ላምቦሮ።

«አንተ ምን አልክ? ‹አጥብቀው› ነው ያልከው!»

«የትኛው የፍግ ክምር ውስጥ ነው የምትቀብሩት?» አለች ፊሊበርት።

«የኔ ውስጥ» አሉ ሁለቱም እኩል። ቦንታን ቀጠለ፤ «የሱ ፍግ ቁመቱ እስከ ጉልበቴ አይደርስም። ቀንዱ ውጭ ቀርቶ በማግስቱ መሳቂያ ነው የምንሆነው!»

«የኔ ፍግ…»

«ላምቦሮ!» አለች። «የቦንታን ይሁን። የቅርቡ የሱ ነው።»

ገመዱን ሲፈቱ አይታ፣ የድርቆሽ ስንጥር ከፀጉሯ ላይ አራግፋ፣ አይቡን ይዛ ተመለሰች። ስትገባ ሙሴ ቮክላን ጠረጴዛው ላይ በሁለት ክንዱ ተደግፎ ያዳምጣል። አንቴልም ጉንጩ ቀልቷል፤ ስለ ኮርማው ነበር የሚያወራው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ ወይን ጠጅም የብቅል ታናሽ ወንድም ነው።

«ሦስት ዓመት?» ይላል እንግዳው። «ኮርማ መሥራት እንዲህ ያስቸግራል?»

«ኮርማውማ በዓመቱ አልቆ ነበር» አለ አንቴልም።

ፊሊበርት አይቡን እንደያዘች ቆመች።

«ታዲያ ሁለቱን ዓመት ምን ሲሠሩ ነበር?»

«ያረፍኩት እዚህ ቤት ነበር፣ ሙሴ ቮክላን። ሥራው አለቀ ማለት ተመለስ ማለት ነው። ምን ብዬ ልቆይ? ‹ጆሮው አላማረኝም› አልኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጆሮውን አፈርሳለሁ፤ ሰኞ ያንኑ ጆሮ መልሼ እሠራለሁ። ላምቦሮ ‹ያመጣነው ሰውዬ ጆሮ አያውቅም› ብሎ አገር ምድሩን አዳረሰ። በካህኑ ሳይቀር ተመከርኩ።»

«አንተ!» አለች ፊሊበርት።

አንቴልም ዞሮ አያት። እሷ መመለሷን አላወቀም ነበር።

«አንተ ሰውዬ! እኔ እኮ የጥጃ ጆሮ ይዤልህ ስቆም ነው የከረምኩት! በዚያ ብርድ! ጉንፋን ይዞኝ፣ እያስነጠስኩ! ‹አይዞህ፣ ዛሬ ይሳካልሃል› እያልኩህ!»

«አውቃለሁ» አለ አንቴልም በቀስታ። «ለዚያ እኮ ነው ጥጃ ያስፈለገኝ። ጥጃ ብቻውን ዝም ብሎ አይቆምማ፤ አንድ ሰው ሊይዘው ይገባል።»

ሙሴ ቮክላን ፊቱን በጨርቁ ሸፍኖ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ፊሊበርት አይቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ የት እንዳስቀመጠችው አላየችም። አሥራ ሁለት ዓመት በትዳር ሲኖሩ አንድም ቀን አልነገራትም። ምድጃውን ልታይ ነው ብላ ዞረች፤ እሳቱ ግን ከጠፋ ቆይቷል።

ቼሪው ቀረበ፤ ቀጥሎ አረቄው። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሲል እንግዳው ቀበቶውን አላልቶ ተነሳ። «እንግዲህ…» አለ ለራሱም እያዘነ። ሦስቱ ተያይዘው ወጡ።

ገበያው በፀሐይ ነጭቷል። መደቡ ላይ አራት ብሎኖች ብቻ ወደ ላይ ቆመው ቀርተዋል።

አንቴልም ቆመ። ከዚያ እንደ ዕውር እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ወደ መደቡ ሄደና መዳፉን የፊት እግሩ ቆሞበት በነበረው ቦታ ላይ አሳረፈ። ነሐሱ የሸፈነው ድንጋይ ከሌላው ይልቅ ጥቁር ነበር፤ በፀሐይ አልገረጣም። ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ድምፅ አላሰማም፤ እንባው ብቻ ጢሙ ውስጥ ይገባል። «ልሰናበተው ነበር የፈለግሁት» አለ። «ጠዋት ዳቦ ሳልሰጠው ነው የሄድኩት።»

ላምቦሮ የከንቲባነት መታጠቂያውን ታጥቆ እየሮጠ መጣ። «ሙሴ! ሰዎችዎ ምን ዓይነት ጥድፊያ ነው ያላቸው? ምሳችንን እንኳን ሳንጨርስ ጭነውት ሄዱ!»

«የኔ ሰዎች? የኔ መኪና ገና አልደረሰም!»

«የለም እንግዲህ፣ ትልቅ መኪና፣ ስድስት ሰዎች፣ ወረቀት በማኅተም! ‹ከበላይ መሥሪያ ቤት ነን› አሉ።»

«የትኛው የበላይ? ቁጥሩን አላዩትም?»

«ዘንድሮ ሰው ወረቀት ሲያሳዩት አንገቱን ይደፋል እንጂ ቁጥር ያያል እንዴ?» አለ ላምቦሮ። ይህን ሲል ዓይኑ አንቴልም ላይ አረፈና ድምፁ ተሰበረ። ማስመሰል አልነበረም። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ ቀረ።

ሙሴ ቮክላን ወደ ከንቲባው አየ፤ በዚያ ፊት ላይ እምነት የሚጥል አልነበረም። ወደ ሽማግሌው አየ። ብዙ አየው። በመጨረሻ ቦርሳውን ሳይከፍት በክንዱ ስር ወሸቀው።

«እነዚያ ከኛ ጋር የሚሻሙት የሌላው መሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው» አለ በምሬት። «ባለፈው ወርም ደወል ቀድመውኛል። ሙሴ አንቴልም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሠራተኞቼን አንገቱን አደራ ልላቸው ነበር።»

ፊሊበርት ከንፈሯን ነክሳ ባሏ አጠገብ ቆማለች። ጎንበስ ብላ በጆሮው ሁለት ቃል ብትተነፍስ ይበቃ ነበር። አልተነፈሰችም። በሕይወቷ ካደረገችው ሁሉ ይህን የመሰለ የከበዳት የለም። መኪናው መጥቶ ባዶውን ተመለሰ። እሷም ለሁለቱ ሴቶች ልጆች የአሳማውን ጭን ትራፊና እንቁላል በጨርቅ ቋጥራ ብስክሌቱ ላይ አሰረችለት። ሰውየው ከመታጠፊያው ባሻገር እስኪጠፋ ጠበቀች።

ከዚያ የአንቴልምን ክንድ ያዘች። «ተነስ። ና።»

«ተዪኝ።»

«ና እልሃለሁ!»

በቦንታን ግቢ ውስጥ፣ ቤት በሚያህለው የፍግ ክምር አናት ላይ፣ ሁለቱ አርቢዎች የፍግ መንሻቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል። እንፋሎት ከእግራቸው ስር ይጨሳል። ፊሊበርት ባሏን እስከ ክምሩ ግርጌ አደረሰችው።

«እጅጌህን ሰብስብ። እጅህን እዚህ ክተት።»

«ንጹሕ ሸሚዝ ልበስ ብለሽኝ…»

«ክተት!»

ከተተ። እስከ ክርኑ፣ ቀጥሎ እስከ ትከሻው። ጉንጩ ክምሩን እስኪነካ ድረስ ገፋ። ሁሉም ፊቱን ያያሉ። መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ከዚያ ጣቶቹ ውስጥ ውስጡን አንድ ነገር ሲዳብሱ፣ ሲዞሩ፣ ሲመለሱ ታወቀ።

«አፍንጫው ነው» አለ።

ሁለቱ አርቢዎች ከክምሩ አናት ጎንበስ አሉ።

«ሞቆታል» አለ አንቴልም። ድምፁ የሕፃን ሆነ። «ፊሊበርት፣ ሞቆታል እኮ! እንደ ሕያው ሞቆታል!» ፍጉ ውስጥ እጁን እንደከተተ ሳቀ፤ አለቀሰ፤ መልሶ ሳቀ። ቦንታን ከላይ ሆኖ በቆሸሸ እጁ ዓይኑን ሲጠርግ ፊቱን እበት በእበት አደረገው። ላምቦሮም «አሁን ራስህን መሰልክ» አለው።

ቤት ሲገቡ ግን አንቴልም ተቆጣ። ሁሉም ያውቁ ነበር፣ እሱን ብቻ አስለቀሱት። ሁለት ቀን ሙሉ ሚስቱን አላነጋገራትም። ማዕድ ላይ ለድመቷ «ጨው አቀብዪው በያት» ይላታል። ፊሊበርትም ለድመቷ «ስለ ጆሮው ሁለት ዓመት ያታለለኝ ሰው ሁለት ቀን አይብዛበት በይው» አለቻት። በዚህ ጊዜ መቋቋም አልቻለም፤ ሾርባው ትን እስኪለው ሳቀ። ያ ቀን የታረቁበት ነው።

ኮርማው ፍጉ ውስጥ ሁለት ዓመት ቆየ። አንቴልም እሑድ እሑድ ይጎበኘዋል፤ ቦንታንም ክምሩ ዝቅ ባለ ቁጥር ከራሱ በረት አልበቃ ሲለው ከላምቦሮ ይበደራል። ጀርመኖቹ ከወጡ በኋላ፣ በመስከረም ማለቂያ ላይ፣ መንደሩ በሙሉ ተሰብስቦ ቆፍሮ አወጣው። ነሐሱ አንዳንድ ቦታ አረንጓዴ፣ አንዳንድ ቦታ ሰማያዊ፣ ጀርባው ላይ የዝገት ቀይ ሆኗል። አንጥረኛው በአሸዋ ሊፈትገው ሲል አንቴልም ባልዲውን ከእጁ ቀማው። ዞሮ ዞሮ አየው። ያን ቀለም እሱ በአሲድም በእሳትም ሞክሮ ያጣው እንደሆነ ነገራቸው። እንደነበረ ወደ መደቡ መለሱት።

አንቴልም ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖረ። በመጨረሻው ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ፈረስ ጀመረ፤ ትንሽ፣ ድመት የምታህል፣ የተኛች ባዝራ። ሚያዝያ ላይ በረት ውስጥ ደክሞት ተቀመጠና አልተነሳም። ሬሳ ሳጥኑን ላምቦሮና ቦንታን ከፊትና ከኋላ ይዘው ሸኙት፤ ስለ መንገዱ እየተጨቃጨቁ።

ባዝራዋ በመስኮቱ ስር ቀረች። ጭቃ እንዳይደርቅ እርጥብ ጨርቅ ይለብሳል፤ አንቴልም ጠዋት ጠዋት ያደርገው የነበረውን ፊሊበርት ቀጠለችበት። የሚሠራው ሰው እንደሌለ ታውቃለች። ቢሆንም ጨርቁን ታነሳለች፣ ታረጥበዋለች፣ መልሳ ታለብሳለች። ግንቦት እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ጠዋት ጨርቁን አንስታ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። የባዝራዋ አንገት ላይ የአውራ ጣቱ አሻራ አለ፤ ጎድጎድ ብሎ፣ ሰፊ ሆኖ። ጣቷን አስገባችበት። ጨርቁን ከዚያ በኋላ አላለበሰቻትም። ፀሐዩ በመስኮቱ ገባ፣ ጭቃው ቀስ እያለ ነጣ፤ እሷም ከገበያው የሚመጡት ሰዎች «እትዬ ፊሊበርት፣ ምሳ የለም እንዴ ዛሬ?» እያሉ በሩን እስኪመቱት ድረስ አጠገቧ ቆየች።